ጸሎት ቤቱ ተከፍቷል፤ የቀረውን ሰው ማን ይጥራው?

በሰንበት ማለዳ ወደ ቄሶች ጸሎት ቤት የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ወንበሮቹ ላይ ነው። ወንበር ሁሉ ባለቤት አለው። ስም አልተጻፈበትም፤ ግን ማን የት እንደሚቀመጥ ሁሉም ያውቃል። ጥጉ ላይ የሚቀመጡት አባት አሉ። እግራቸው ስለሚያማቸው በር አጠገብ የሚቀመጡ አሉ። በሴቶቹ በኩል ደግሞ ነጠላቸውን አጣፍተው ሁልጊዜ ከፊት የሚቆሙት እናት አሉ። ኮሮና ከገባ ዓመታት አልፈዋል። በሩ ተከፍቷል፣ ጸሎቱም እንደ ድሮው ይደረሳል። ከወንበሮቹ ግን ባዶ የቀሩ አሉ። አንዳንዱ ባዶ የሆነው ባለቤቱ ስላረፈ ነው፤ ነፍስ ይማር። የአንዳንዱ ባለቤት ግን በሕይወት አለ። ሁለት መንገድ አልፎ ካለው ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። አልመጣም።

ይህ ጽሑፍ ስለ እነዚያ ሰዎች ነው። ጊዜውም የስግድ ጊዜ ነው፤ በ2021 ስግድ የዋለው ሐሙስ፣ ኖቬምበር 4 ነበር። በ2020 በኮሮና ምክንያት ኢየሩሳሌም ላይ የተገኙት ጥቂት ቄሶችና ጥቂት እንግዶች ብቻ ነበሩ። ሕዝቡ በዓሉን ከቤቱ ሆኖ በቀጥታ ስርጭት አየ። በ2021 እንደገና ወደ አርሞን ሀናጺብ መውጣት ተቻለ። ወጣቱ ይወጣል፣ ተማሪውና ወታደሩ ይወጣል፣ ባለሥልጣኑም ንግግር ለማድረግ ይወጣል። ስግድን ከአገር ቤት ተሸክመው ያመጡት ሰዎችስ? እነሱ ከቤት ይወጣሉ ወይ?

በሩ የተዘጋበት ጊዜ

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ ይረዝማል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በማርች 2020 መጨረሻ በአገሪቱ ያሉ ጸሎት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። የተዘጋው የእኛ ብቻ አይደለም። በዚያው ሰሞን ኢየሩሳሌም የሚገኘው የቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን በሩ ተዘጋ፤ በጣሪያው ላይ በዴር ሱልጣን የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም ምዕመን የማይመጣበት ፋሲካ አሳለፉ። በምዕራባዊው ግንብም ሕዝብ መሰብሰብ ቀረ።

የእኛ ቂጣ በዓል የዋለው በዚያው በኤፕሪል ወር ነው። በዋዜማው፣ ኤፕሪል 8 ማታ፣ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ታዘዘ። አሥራ አምስትና ሃያ ሆኖ ማዕድ ከብቦ የለመደ ቤተሰብ በየቤቱ ተበታተነ። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ቂጣውን ብቻቸውን ባርከው፣ ብቻቸውን በሉ። ልጆች ምግብ በር ላይ አስቀምጠው፣ ደወል ደውለው፣ ከደረጃው ሆነው እጃቸውን አወዛውዘው ሄዱ።

በሜይ 20 ጸሎት ቤቶች እስከ 50 ሰው እንዲይዙ ተፈቀደ፤ የቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያንም ከአራት ቀን በኋላ ተከፈተ። ሰው "እፎይ፣ አለፈ" አለ። አላለፈም። በሴፕቴምበር 18፣ ልክ በብርሃን ሰረቀ ዋዜማ፣ ሁለተኛው ሰገር ተጀመረ። አስተስርዮም በዚያው ሰገር ውስጥ ዋለ። በዲሴምበር መጨረሻ ሦስተኛው ሰገር መጣ። አንድ ጊዜ መከፈት፣ እንደገና መዘጋት፤ አሥር ሰው፣ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ እንደገና ማንም። መመሪያው በየሳምንቱ በዕብራይስጥ ሲለዋወጥ፣ ብዙ ሽማግሌዎች ዜናውን ከረቃ ራዲዮ በአማርኛ እስኪሰሙ ወይም ልጅ ደውሎ እስኪተረጉምላቸው ይጠብቁ ነበር። በመጨረሻ አንዳንዱ መጠበቁንም ተወው። "ሲከፈት ይነግሩኛል" ብሎ ተቀመጠ።

ሰንበት በስልክ አይጸለይም

ብዙ ሰው ኮሮናን በስልክና በዙም አለፈው። ትምህርቱ በዙም፣ ስብሰባው በዙም፣ ሠርጉ ሳይቀር በዙም ሆነ። ለቄሶች ጸሎት ግን ይህ አልሠራም። ሰንበት ስልክ አይነካም፣ በዓልም እንዲሁ። የሳምንቱ ትልቁ ጸሎት የሚደርሰው ደግሞ ስልክ በሚጠፋበት ቀን ነው። ስግድ በሥራ ቀን ስለሚውል በስርጭት ማየት ተቻለ። ሰንበትን ግን ማንም በስርጭት ሊያሳይ አልቻለም፤ የሚፈልግም አልነበረም።

ከዚያ በላይ ደግሞ ጸሎቱ ራሱ በአንድ ሰው የሚደረስ አይደለም። አንዱ ቄስ በግዕዝ ያነሳል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሕዝቡ "አሜን" ይላል። ቄሱ ብቻቸውን ቤታቸው ቆመው ጸልየዋል፤ ግን የሚቀበላቸው አልነበረም። አሜን የሚል ሲጠፋ ጸሎቱ ግማሽ ይሆናል።

ቃሉን ያልተማረ ትውልድ ደግሞ "ተቀድቶ የለም ወይ?" ይላል። ተቀድቷል። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ካይ ካውፍማን ሸለመይ በ1973 ጎንደር፣ አምቦበር ድረስ ሄዳ የቤተ እስራኤልን ጸሎት ቀድታለች፤ ከዚያ ወዲህም እዚህ እስራኤል ውስጥ ሌሎች ተመራማሪዎች ቀድተዋል። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የተቀዳ ድምፅ አይሰማም፣ ያሰማል እንጂ። ተማሪ ሲሳሳት "አይደለም፣ እንደገና በለው" አይለውም። ጸሎታችን ከአፍ ወደ ጆሮ የመጣ ነው። ልጅ ከቄሱ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ዓመት በዓመት ላይ ደርቦ፣ ሰምቶ ሰምቶ ነው የሚይዘው። የዓመት ከመንፈቅ መቋረጥ ለሌላው ትንሽ ሊመስል ይችላል። ዕድሜያቸው ሰማንያ ካለፈ ቄስ ለሚማር ወጣት ግን ዓመት ከመንፈቅ ብዙ ነው።

ያልተለቀሰ ለቅሶ

ከሁሉ የከበደው ግን ለቅሶው ነበር። በእኛ ባህል ሰው ሲሞት ከሰሜን እስከ ደቡብ አውቶቡስ ተኮናትሮ ይመጣል። ከአፉላ ቂርያት ጋት፣ ከነታንያ ቤርሼባ። ሰባቱን ቀን ቤቱ ባዶ አይሆንም። በኮሮና ጊዜ ግን ሰው በጣት በሚቆጠር ሰው ተቀበረ። ወንድም ለወንድሙ መቃብር ሳይደርስ ቀረ። እህት በቢዱድ ተዘግታ የእህቷን መርዶ በስልክ ሰማች።

በሱዳን መንገድ ላለፉ ሰዎች ይህ የቆየ ቁስል ነካ። እዚያም ሰው በሌሊት ተቀብሯል፤ ድምፅ ሳይወጣ፣ ጎረቤት እንዳያውቅ ተደብቆ። ያኔ ያላለቀሰ ሰው "ኢየሩሳሌም ስደርስ አለቅሳለሁ" ብሎ ነበር። ደረሰ፤ አለቀሰም። አሁን ደግሞ እዚሁ ኢየሩሳሌም አገር ሆኖ ማልቀስ ተከለከለ። "ምን ይደረግ፣ ሕግ ነው" ተብሎ ታለፈ እንጂ፣ ከሰው ሆድ አልወጣም።

ብዙዎች ወደ ጸሎት ቤት ያልተመለሱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ግን ጮክ ተብሎ አይነገርም። ለቅሶው ላይ ያልተገኘ ሰው ያፍራል። የሟችን ወንድም በምን ዓይን ላየው ይላል። የሟች ወንድም ደግሞ በበኩሉ፣ አንድ በአንድ "እግዚአብሔር ያጽናህ" እየተባለ ሐዘኑ እንዲቀሰቀስ አይፈልግም። ሁለቱም ቤታቸው ይቀራሉ። አንዱ ሌላውን የተቆጣ ይመስለዋል።

ሌሎቹ ምክንያቶች

ፍርሃትም አለ፤ ፍርሃቱም ምክንያት አለው። ዕድሜው ከ60 በላይ የሆነ ሰው በበሽታው ይበልጥ እንደሚጎዳ ሁሉም ሰምቷል። ክትባቱ በዲሴምበር 2020 ሲጀመር ከሐኪሞች ጋር ቅድሚያ የተሰጠው ለአረጋውያን ነው፤ ሦስተኛውም ክትባት በ2021 በሐምሌና ነሐሴ መካከል የተጀመረው በእነሱ ነው። የተከተበ ብዙ ነው። ግን ዓመት ሙሉ "አባዬ አትውጣ፣ እማዬ ሰው አታስገቢ" እየተባለ የከረመ ሰው፣ በመርፌ ብቻ ልቡ አይረጋም። "አትውጣ" ያሉት ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ግን ተመልሰው "አሁን ውጣ" አላሉም። ረስተውት ነው፤ ወይም አባታቸው ቤት መቀመጡ ለእነሱ ዕረፍት ሆኖላቸው ነው።

እግርም አለ። በየሰንበቱ ወደ ጸሎት ቤት መሄድ ለሽማግሌ ጸሎት ብቻ አልነበረም፤ የሳምንቱ ትልቁ የእግር መንገድ ነበር። ዓመት ሙሉ ከሶፋ ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ ሶፋ የሄደ ጉልበት ደረጃውን ሲያይ ይፈራል። አሳንሰር በሌለበት አሮጌ ሕንፃ ላይ አራት ፎቅ ወርዶ አራት ፎቅ መውጣት ቀላል አይደለም። ሰንበት ደግሞ አሳንሰር ያለውም አይጠቀምበትም።

ጆሮም አለ። ጭንብል አፍን ሲሸፍን፣ የከንፈር እንቅስቃሴ አይቶ የሚሰማ ሽማግሌ ቃሉ ይጠፋበት ነበር። አጠገቡ ቆሞ "አሁን እዚህ ደርሰናል" የሚለው ሰው ሁለት ሜትር ሲርቅ፣ ጸሎቱ መሐል ብቻውን ይቀር ነበር።

በመጨረሻም ልማድ አለ። ሰው ብቸኝነትንም ይለምዳል። መጀመሪያ ያስለቅሳል፣ ከዚያ ይደክማል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቤት ይሆናል።

ድሮ መለየት ቀን ነበረው

"ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው" ተብሎ ያደገ ሕዝብ፣ ሰው ለሰው በሽታ ሆነ ሲባል ግራ ገባው። ሆኖም መለየትን ከእኛ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? አገር ቤት ሰው "አትንኩኝ" ይለን ነበር፤ ከገበያ፣ ከሌላ ሰው ጋር ነክቶ የተመለሰ ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ቤት አይገባም። ሬሳ የነካ ሰው ከመንደሩ ውጭ ሰባት ቀን ይቆጥር ነበር። ሴት በመርገሟ ጊዜ ወደ ጎጆዋ ትወጣለች፤ አራስ ደግሞ ወንድ ብትወልድ 40፣ ሴት ብትወልድ 80 ቀን ተለይታ ትቆያለች። ጤና ጥበቃ "እጅ ታጠቡ፣ ተራራቁ" ሲል ብዙ እናቶች በሆዳቸው ስቀዋል። ይህን እኮ ከእናታቸው ተምረውታል።

ግን አንድ ልዩነት ነበረው። የድሮው መለየት ቀን ነበረው። የወጣው ሰው መቼ እንደሚመለስ ራሱም ያውቃል፣ ሰፈሩም ያውቃል። ምግቡን የሚያቀብል አለ፤ ከአጥሩ ወዲህ ቆሞ "እንዴት አደርሽ?" የሚል አለ። ቀኑ ሲሞላ ልብስ ይታጠባል፣ ገላ ይታጠባል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰውዬው ወደ መንደሩ ይገባል። የሚቀበለው ሰው በር ላይ ይጠብቃል። ተለይቶ የነበረው ሰው መመለሱ በሁሉም ዘንድ ይታወቃል።

የኮሮናው መለየት ግን ቀን አልነበረውም። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ተባለ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ እስከ በዓል፣ ከዚያ እስከ ክትባት። በፌብሩዋሪ 2021 ታቭ ያሮክ መጣ፤ በኤፕሪል ውጭ ላይ ጭንብል ማውለቅ ተፈቀደ። በበጋው ደግሞ በሽታው እንደገና ተነሣ። መንግሥት የፈቀደውን በየጊዜው በቴሌቪዥን ተናገረ። ግን አራተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጡትን አባት በራቸውን አንኳኩቶ "ቀንዎ ሞልቷል፣ ይግቡ" ያላቸው ማንም የለም። ያልተጠራ ሰው ደግሞ አይመጣም። በእኛ ባህል ሽማግሌ ራሱን ጠርቶ አይሄድም፤ ክብሩ አይፈቅድለትም።

ማን ይጥራ?

በየከተማው ነገሩ የገባቸው አሉ። ከሰንበት በፊት፣ ሐሙስ ወይም ዓርብ ጠዋት፣ ስልክ የሚደውሉ ቄሶች አሉ። ንግግሩ አጭር ነው፦ እንዴት ሰነበቱ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ሰንበት እንጠብቅዎታለን። ሲደወልለት "እስቲ አያለሁ" የሚል ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ይመጣል። "እስቲ አያለሁ" ማለት "ጥሩኝ" ማለት መሆኑን የሚያውቅ ያውቃል።

የልጅ ልጅም አያቱን ሊያመጣ ይችላል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ግዕዙን ላያውቅ ይችላል፤ ግን ክንድ መስጠት ያውቃል፣ ደረጃ መቁጠር ያውቃል። አያቱን ያመጣ ልጅ በር ላይ ተመልሶ አይሄድም፤ እሱም ይቀመጣል። ተቀምጦም ይሰማል። ቃሉ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚሄደው እንዲህ ነው።

ጥንቃቄም አይቀርም። የሚያስፈራ ነገር ሳይኖር አይደለም፤ በሽታው አልጠፋም። መስኮት መክፈት፣ የሚችል ሰው ከበር አጠገብ ወይም ግቢ ውስጥ እንዲቀመጥ ማድረግ፣ ያመመው ሰው ቤቱ መቅረት፣ ስለ ክትባት ኩፓት ሆሊም ሄዶ ሐኪሙን መጠየቅ፤ እነዚህ ከባድ ነገሮች አይደሉም። ሙሉውን ጸሎት መቆም ያቃተው ግማሹን ይቁም። ከጸሎት በኋላ ዳቦው ሲባረክ ብቻ የሚደርስም ቢኖር፣ ዘገየህ አይባል።

ለቅሶውንም መጨረስ ያስፈልጋል። በሰገር ጊዜ የተቀበሩትን ስም በአንድ ቀን በጋራ ማንሣት፣ ቄሱ እንዲጸልዩላቸው ማድረግ፣ ያልደረሰው "ይቅር በለኝ፣ አልፈቀዱልኝም" እንዲል ዕድል መስጠት። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዳቦ፣ ቡና እና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ያን ቀን ሁለቱ ሰዎች ይተያያሉ፤ ከዚያ በኋላ ጸሎት ቤት መምጣት አይከብዳቸውም።

ወደ ስግድ

ስግድ ለዚህ ከማንኛውም ቀን የተሻለ ነው። በዓሉ ከአስተስርዮ በኋላ በሃምሳኛው ቀን የሚውል፣ ሕዝብ እንደገና ወደ ቃል ኪዳኑ የሚመለስበት ቀን ነው። አገር ቤት ምህላ ተብሎም ይጠራ ነበር። ሰው ነጭ ለብሶ፣ ጾሞ፣ አንዳንዱ ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ ይወጣ ነበር። ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው፣ ጃንጥላ ተዘርግቶላቸው፣ ያነቡ ነበር። ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ ይሰግድና ከሰዓት በኋላ ወርዶ በእልልታ ይበላ ነበር። በ2008 ክነሴት በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። ግን ስግድን ያቆየው ሕግ አይደለም። በየዓመቱ ተራራ የወጡት እግሮች ናቸው።

ተራራው ላይ ጣሪያ የለም፤ አየሩ ክፍት ነው። ጉልበቱ የማይችል መሬት ድረስ መስገድ የለበትም፤ አንገቱን ዝቅ ቢያደርግ ይበቃል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ስለ ጾሙ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ መድኃኒቱንና ውሃውን ይያዝ። ልጆች የአባታቸውን ወንበር ይያዙላቸው፤ ቀጭኗን፣ ታጣፊዋን። ጃንጥላውም አይረሳ፤ ለፀሐይም ለዝናብም ይሆናል።

እዚህ ላይ ለአረጋውያን ራሳቸውም የሚባል ነገር አለ። መጠራት ክብር ነው፤ መጥራትም ክብር ነው። ጉልበት ያለው ሽማግሌ ጉልበት የሌለውን መጠየቅ ይችላል። በሞአዶን አብሮ ቡና የጠጣ፣ በሱዳን አብሮ የተራበ፣ በአምቦበር አብሮ ከብት የጠበቀ ሰው ሲደውል እንደ ልጅ ድምፅ አይደለም፤ እምቢ አይባልም።  አንድ ሰው አንድ ሰው ቢደውልለት፣ የሚደወልለት ሰው አይቀርም።

ምን ልበለው ለሚል፣ ቃሉ ከድሮ የነበረ ነው። ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጥቶ፣ በሩን አንኳኩቶ፣ እጅ ነሥቶ እንዲህ ማለት ይበቃል፦ "ቀንዎ ሞልቷል። ይነሡ፣ አብረን እንሂድ።"